ሳይነካ የሚጮኸው ክላክስ

አሮጌውን ጂፕ ሁለት ዓመት ፈጅቼ ቡራዩ ግቢዬ ውስጥ እንደ አዲስ ገጣጠምኩት። መሪውን ወደ ቀኝ ባዞርኩ ቁጥር ግን ማንም ሳይነካው ክላክሱ ይጮኻል። የገበሬውን መሬት ወደ ከተማ ያስገባል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ በተነሳው ተቃውሞ የአምቦ መንገድ የተዘጋበት ሰሞን ስለነበር ጩኸት ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ ደንግጦ ይወጣል። ባለቤቴ ተማርራ፣ «ገመዱን ቁረጠውና እንረፍ!» አለችኝ።

እልህ ያዘኝ። አልቆርጥም! መሪውን ፈትቼ ገመዱን በጣቴ እየዳበስኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተልኩት። በሦስተኛው ቀን አገኘሁት። ስገጣጥም እኔው ራሴ ያጠበቅኩት ብሎን የገመዱን ላስቲክ ልጦታል፤ መሪው ሲዞር መዳቡ ብረት ይነካል።

በናስትሮ ስጠቀልለው ጎረቤቴ «አካም ቡልቴ» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርክ እያሉ ገቡ። ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ቤቴ ያረፈበት መሬት ቀድሞ የእርሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር።

«ለምን ቆርጠህ አትጥለውም?» አሉኝ።

«ክላክሱ ምን አጠፋ? የሚያስጮኸው ሌላ ነው» አልኳቸው።

ቤቴን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ብረት እንኳ ለምን ጮኸ የሚለው ሰው አገኘ» አሉ።