የእህቴ ጎደሬና የናፍጣ ቁጠባዬ

ናፍጣ መቆጠብ ተሳክቶልኛል፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የገዛኋት አሮጌ የፊልድ መኪና በሊትር ሰባት ኪሎ ሜትር ስትሄድ ኖራ፣ በእኔ እጅ ዘጠኝ ተኩል ገብታለች። እንዴት እንደሆነ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ፊልትሮው፣ ኖዝሉ፣ የጎማው ንፋስ እያልኩ እዘረዝራለሁ። ታላቅ እህቴን ምን እንዳደረግኋትና እሷ ምን እንደመለሰችልኝ ግን ለማንም አልነገርሁም።

እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጡት መጣሌ ነበር። እህቴ ከአራተኛ ክፍል ወጥታ በጀርባዋ አዝላ አሳደገችኝ። እኔ እንድማር እሷ ሳትማር ቀረች፤ ይህን አንድ ቀን እንኳ በአፏ አንስታው አታውቅም። አዬ ነው የምላት፤ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። እኔ ሶዶ ከተማ ገብቼ የግንባታ ተቆጣጣሪ ሆንኩ። እሷ ዲምቱ አጠገብ ባለው መንደራችን፣ ከጓሮዋ ጋር ቀረች።

በየሁለት ሳምንቱ ለሥራ ዲምቱ እወርዳለሁ። ናፍጣ የጠፋበት ጊዜ ነበር። ማደያው በር ላይ ሙሉ ቀን ተሰልፈን፣ ተራችን ሲደርስ “አልቋል” የምንባልበት። ከጥቁር ገበያ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየገዛሁ ስቀዳ፣ እያንዳንዷ ጠብታ ከደሜ የምትቀዳ ይመስለኝ ነበር። መኪናዋን ይዤ መካኒኬ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ነው፤ አያቱ ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ምላሱ እንደ ፒንሳው ሰው የሚቆነጥጥ። ፊልትሮ ለወጠ፣ ኖዝሉን አስጠረገ፣ ጎማውን ነፋ። በመጨረሻ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና፣

“እሷን የሚጎዳት በሽታ አይደለም፤ ሸክም ነው” አለኝ። “ፖርቶመጋላውን ንቀልላት። ከፊት ያለውን ብረትም ንቀል። አንተም ራት ብትቀንስ እሷ አትጠላም።”

ጣሪያው ላይ ያለውን የዕቃ መጫኛ ነቀልን፣ የፊቱን ብረት ነቀልን። ልዩነቱን በዓይኔ ሳየው አበድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓለም ሁሉ በኪሎ ሆነብኝ። ክሪክና መፍቻ ቤት ቀረ። ባለቤቴ ቁርስ በልታ ስትሳፈር ቅር ይለኛል፤ እውነቴን ነው። ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥቼ በፎሌ እለቃታለሁ። መካኒኬ “ፍሬኑ አንድ ቀን ጥሎህ ይሄዳል” ቢለኝም አልሰማሁትም። ድሮ ለቅሶ የሚሄዱ ሴቶች መንገድ ዳር እጃቸውን ሲዘረጉልኝ ቆሜ እጭን ነበር። አሁን ተራራውን እንደሚያደንቅ ሰው ፊቴን ወደ ዳሞታ አዙሬ አልፋቸዋለሁ። ከመሃላቸው አንዷ የልጄን ክርስትና ስም ታውቃለች። እሷንም አለፍኳት።

ችግሩ አዬ ነበረች።

በእኛ መንደር ዘመድ በመኪና መጥቶ ባዶ መኪና ይዞ አይመለስም። ባዶ መኪና ከግቢ ሲወጣ ያየ ጎረቤት “ምን ተጣሉ?” ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ አዬ እኔ እንደምመጣ ስትሰማ ጠዋት ጓሮ ትገባለች። ጎደሬውን ትቆፍራለች፣ አፈሩን አንድ በአንድ በእጇ ታራግፋለች፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በቃጫ ታስረዋለች። አስተሳሰሯ የራሷ ነው፤ ሁለቴ አዙራ ጫፉን ወደ ውስጥ ትቀብረዋለች። ከዚያ ጆንያ ትሞላለች። ጆንያው የእኔን ግማሽ ይመዝናል።

“አዬ፣ ተይው፤ ሶዶም ገበያ አለ” እላታለሁ።

“ገበያ የወለደህ ነው የሚመስለው!” ትልና ራሷ ተሸክማ ትጭነዋለች።

ወደ ሶዶ ስመለስ መንገዱ ዳገት ነው። የዳገቱ ሥር፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አትክልት የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። መጀመሪያ ቀን ጆንያውን አወረድኩላትና “ውሰጂው” አልኳት። ሴትዮዋ ተነሥታ መሬት ሳመች። ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! መኪናዋ ማርሹ ሳይቸግራት ዳገቱን ስትወጣልኝ ደስ ያለኝ በጽድቁ አልነበረም። በሁለት ሳምንቱ እንደገና አወረድኩ። ከዚያ ልማድ ሆነ፤ ክረምቱ ወጥቶ መስቀል አልፎ እስከ ገና ድረስ አንዲት የአዬ ጎደሬ ቤቴ አልገባችም።

አዬ በሄድኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች። “ልጆቹ በሉት?”

“ጣታቸውን ላሱ” እላታለሁ።

ደስ ይላታል። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ዛሬ ሳስታውስ ራሴን በጥፊ መምታት እፈልጋለሁ፤ ያኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ልቤ ያለው ከናፍጣ መለኪያው ላይ ነበር።

ከገና በኋላ አንድ ቀን ስደርስ ምሳ ቀርቦ ጠበቀኝ። የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ። ርቦኝ ስለነበር ዋጥኩት እንጂ አልበላሁትም ማለት ይቻላል። አፌ ሞልቶ፣ “የአዬን ጎደሬ የሚያህል የለም” አልኳት።

“ከገበያ ነው የገዛሁት” አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። ወገቧን ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ቁጣ የለም።

“ከዳገቱ ሥር ካለች ሴትዮ። ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ አየሁት። ቅጠሉን ሳልፈታው ቋጠሮውን አወቅሁት። ‘ከየት አመጣሽው?’ አልኳት። ‘አንድ ደግ ሰው አለ፤ በመኪና ያመጣልኛል። ልጆቼን እሱ ነው የሚያበላልኝ’ አለችኝ። መርቃሃለች። ምርቃቱ መንገድ ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው የነገርኩህ። ብላ።”

ያን ጊዜ እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ማስረዳት ጀመርኩ! ዳገቱን፣ ማርሹን፣ የሞተሩን ጉልበት፣ ከባድ ዕቃ ናፍጣ እንዴት እንደሚበላ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ለአራተኛ ክፍል ተማሪ እንደሚያስተምር ሰው ተረኩላት። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

“የእኔ ጎደሬ ስንት ይበላብሃል?”

እኔ ደደቡ ደግሞ አሰብኩበት። አስልቼ መለስኩላት።

“ግማሽ ሊትር አይሞላም።”

“ግማሽ ሊትር አይሞላም” አለች እሷም። ሳህኑን አነሣች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ እኔ ግን የብብቴ መውደቁን ያወቅሁት ግቢው በር ላይ ስደርስ ነው። አዬ እንደ ወትሮው ልትሸኘኝ ወጣች፤ እጇ ባዶ ነው። አጥሩን ተደግፈው የቆሙ ሁለት ጎረቤቶች የመኪናዋን ኋላ አዩ፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። “ምን ተጣሉ?” ብሎ ግን የጠየቀ አልነበረም። ወሬው ቀድሞኝ ሳይደርስ አልቀረም።

ከዚያ በኋላም ዲምቱ በወረድኩ ቁጥር ጎራ እላለሁ። ውሃ ትሰጠኛለች፣ ስለ ልጆቹ ጤና ትጠይቃለች፤ በሉ አልበሉ አትልም። ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ አቋረጠችኝ። “ይመሽብሃል፤ ሂድ” አለችኝ፤ ፀሐይዋ ከአናታችን ላይ ነበረች።

በበጋው መጨረሻ ግራ ዓይኗ ፈዘዘ። ሶዶ ሆስፒታል እንድትታይ ቀጠሮ ተያዘላት። በሚኒባስ እሄዳለሁ ብላ ስታስቸግር፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች “ወንድም እያለሽ? ነውር ነው” ብለው ተቆጧት። ጠዋት ሄጄ ልወስዳት ስል መጽሐፍ ቅዱሷን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ሌላ ምንም አልያዘችም። የፊቱን በር ከፈትኩላት። የኋላውን ከፍታ ገባች።

“አዬ፣ ከፊት ይሻልሻል።”

“እዚህ ደህና ነኝ።”

መንገዱን ሁሉ ለማውራት ሞከርኩ። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ለማስደሰት ብዬ ይሁን ለመካስ ብዬ እንጃ፣ ነዳጁን እስከ ታች ረገጥሁት። መኪናዋ ጮኸች። ከኋላዬ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ መንካቷ ነበር። ልቤ ቀለጠ።

“ቀስ በል” አለችኝ። “ይበላብሃል።”

እጇን መለሰች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ካርድ የሚያወጣው ሰውዬ በመስኮቱ አቆልቁሎ አየን። አዬ ከተማ ስትመጣ ብቻ የምትናገረው አማርኛ አላት፤ ጥቂት ናት፣ ግን አትሳሳትባትም።

“አስታማሚ ማነው?” አለ ሰውዬው፤ ወደ እኔ ዞሮ፣ “እርስዎ ቤተሰብ ነዎት?”

አፌን ከፈትኩ። ቀደመችኝ።

“እሱ ሾፌር ነው” አለች። “አደረሰኝ፣ በቃ።”

“ሾፌር ከሆኑ ውጭ ይጠብቁ፤ እዚህ ይጨናነቃል።”

ወንድሟ ነኝ ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። አዬ በደህናው ዓይኗ አየችኝ። እልህ አልነበረበትም፣ ፍርሃትም አልነበረበትም፤ የምለውን ለመስማት ብቻ ትጠብቅ ነበር። እኔ የመኪናዋን ቁልፍ በእጄ አገላበጥሁ። ከኋላችን የተሰለፈች የማናውቃት ሴት “እኔ እይዛቸዋለሁ” ብላ ክንዷን ያዘች። አዬ ተደገፈቻትና አብረው ገቡ።

ግቢው ውስጥ ሾፌሮች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አንዱ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

“ማንን አምጥተህ ነው?” አለኝ።

“አንዲት ሴትዮ ናት” አልኩት።