የናስራ ጀርጂር

ዘምዘም ይማም ከከሚሴ ወጥታ ካርቱም ከገባች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። ከዚያ ውስጥ ስምንቱን ዓመት የኖረችው ቡሪ ሰፈር፣ ዶክቶራ ሉጥፊያ ቤት ነው። ዶክቶራዋ የጥርስ ሐኪም ናት። ማለዳ ወጥታ ማታ ስለምትመለስ፣ አንድያ ልጇን ናስራን አዝላ፣ አጥባ፣ አብልታ ያሳደገቻት ዘምዘም ናት። ልጅቱ አፏን የፈታችው በሁለት ቋንቋ ነው፤ ከእናቷ ጋር በዐረብኛ፣ ከዘምዘም ጋር ደግሞ ግማሹ ከወሎ ግማሹ ከካርቱም በተቀዳ አማርኛ። ከእናትየው የሚሸሸግ ነገር ሲኖራቸው ሁለቱ በዚያ አማርኛ ይንሾካሾካሉ። ሉጥፊያም «እናንተ ሐበሾች ደግሞ ምን ልታደርጉኝ ነው?» እያለች ትስቃለች።

ናስራ ስምንተኛ ዓመቷን በያዘች ጊዜ፣ ረመዳን ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተኩስ ተጀመረ። ዛሬ ይቆማል፣ ነገ ይቆማል ሲባል ሳምንቱ አለፈ። በዒድ ማግስት የሉጥፊያ ወንድም ወደ ግብፅ የሚሄድ አውቶቡስ አገኘ። የዘምዘም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ካለፈበት ሁለት ዓመቱ ነው፤ ፓስፖርቷም ከዚያ አይሻልም። ድንበር ላይ እንደማያሳልፏት ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም።

«ዘምዘም፣ ቤቱን አደራ» አለቻት ሉጥፊያ አቅፋት። «ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው፣ ኢንሻአላህ።»

ናስራ በአውቶቡሱ መስኮት አንገቷን አውጥታ የሆነ ነገር ትጮኻለች። ከወዲያ ማዶ የሚወድቀው ከባድ መሣሪያ ድምፅዋን ዋጠው።

ከዚያ በኋላ ዘምዘም ብቻዋን ሆነች። መብራት ጠፋ፣ ቧንቧውም ደረቀ። ጠዋት ጠዋት ተኩሱ ጋብ ሲል ከመስጊዱ ጉድጓድ አንድ ጀሪካን ውሃ ተሸክማ ትመጣለች። ጀሪፍ ሰፈር የሚኖሩ የወሎ ሴቶች «ነይ አብረን እንሁን» ብለው ላኩባት። ልቧ ከነሱ ጋር ነበር፤ ግን አደራው ከበዳት።

ስልኩ የጠራው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ሉጥፊያ ስለ በሩ፣ ስለ መስኮቱ ጠይቃ ስትጨርስ ናስራ ስልኩን ተቀበለቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በምሥጢር አማርኛቸው፣

«ዘሚ፣ ጀርጂር ቀረ። ረሳሁት» አለች።

ጀርጂር ካርቱም ውስጥ ከፉል ጋር የሚበላ፣ ምላስ የሚለበልብ ቅጠል ነው። ዘምዘም በግቢው ጥግ አንድ መደብ ዘርታለች።

«አይ የኔ ዓለም፣ እሱ ነው የሚያሳስብሽ? አለ እኮ።»

«ይሞታል! ብቻውን ነው። አድኚልኝ።»

«እሺ፣ ውሃ አጠጣዋለሁ።»

«ማማ እንዳትሰማ» አለች ናስራ። መስመሩም ተቋረጠ።

ዘምዘም ስልኩን ይዛ ቆመች። ስለ ሰላጣ ቅጠል ማማ ብትሰማ ምን አለበት? ነገሩ አልገባትም። ቢሆንም ልጅቱ የለመነቻት ነገር ነውና ከዚያ ቀን ጀምራ ከጀሪካኑ ሩቡን ለጀርጂሩ መደብ ታካፍል ጀመር። እሷ ፊቷን በእፍኝ ውሃ እየታጠበች፣ ጀርጂሩ ተንዠረገገ።

ከሳምንት በኋላ እንደገና ተደወለ።

«ጀርጂር እንዴት ነው?»

«አማን ነው። ቅጠሉ ይህን ያክላል!»

«ቅጠሉ አደገ?» ልጅቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «ዓይኑንስ አየሽው?»

«የማንን ዓይን?»

«የጀርጂርን! ቀይ ነው። ጅራቱን እንዳትነኪው፣ ይዋጋል።»

ዘምዘም ቁጢጥ አለች። «ናስራዬ፣ ጀርጂር ምንድን ነው?»

«ወረል ነው። አረንጓዴ ነው። አራት እግር አለው። ጀርባው ላይ ቅጠል በቅሎበታል። አዱ ሲመጣ ቅጠሉን ይወረውርበታል።»

ወረል ማለት አርጃኖ ነው። አዱ ደግሞ ጠላት።

«የት ነው ያለው?»

ልጅቱን ቃሉ ጠፋት። «እ… የራስ አልጋ ውስጥ። ክፍሌ! የራስ አልጋ ውስጥ! ዘሚ፣ ማማ መጣች» አለችና ዘጋችው።

ያን ቀን ዘምዘም የያዘችውን ስትጥል፣ የጣለችውን ስታነሳ ዋለች። የናስራን ክፍል ስምንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ጠርጋዋለች። አርጃኖ አይደለም፣ ጉንዳን ቢኖር ታውቀው ነበር። ወይስ እስስት ይሆን? እስስት እንደሆነ ከቅጠል ጋር ቅጠል፣ ከግድግዳ ጋር ግድግዳ ይመስላል። አገሯ እስስት ያየች ሴት እንትፍ ብላ መንገድ ትቀይራለች። ልጅቱ እንዲህ ያለ ጉድ አልጋዋ ሥር ደብቃ ኖራ ይሆን? ወይስ በተኩሱ ድንጋጤ ናላዋ ዞሮ፣ የሌለ ነገር እየታያት ይሆን? ይሄኛው ከዚያኛው ይብሳል። እስስት ይሁን፣ አርጃኖም ይሁን፣ አውሬው ቢኖር ይሻላል አለች። ካለ ደግሞ ሃያ ቀን ያህል ያለ ምግብ ቆይቷል።

በማግስቱ ጠዋት በአንድ እጇ መጥረጊያ፣ በአንድ እጇ አንድ ሳህን ጀርጂር ይዛ ገባች። «ለጀርጂር ጀርጂር» አለች። ለብቻዋ ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

«የራስ አልጋ»ን የአልጋ ራስጌ ብላ ተርጉማዋለች። ሳህኑን መሬት አስቀምጣ፣ በሆዷ ተኝታ በራስጌው በኩል አልጋው ሥር ገባች። «ጀርጂር! ና! ና የኔ ጌታ!» እያለች መጥረጊያውን ወዲያና ወዲህ ታንፏቅቃለች። የውጭው በር ሲገነጠል የሰማችው እዚያ ሆና ነው። መውጣት ፈልጋ ቀሚሷ ተያዘባት። ወፍራም ጫማ ኮቴ እየቀረበ መጣ። የጠመንጃ አፈሙዝ ተረከዟን ነካ ነካ አደረገው።

«ውጪ! ማንን ነው የደበቅሽው?» አለ አንድ ሰው በዐረብኛ።

አቧራ ለብሳ ወጣች። ሦስት ናቸው። ጥያቄውን የጠየቃት ጺማሙ ነው፤ ከንፈሩ በጥማት ተሰነጣጥቋል።

«ማንም የለም ጌታዬ። ወረል እየፈለግሁ ነው።»

አንደኛው ወረል ሲባል ሰምቶ ወደ በሩ አፈገፈገ። ጺማሙ ግን ንቅንቅ አላለም። «ምን ዓይነት ወረል?»

ፍርሃት አፏን ከፈተው። ልጅቱ የነገረቻትን ሳታስቀር ለፈለፈች፤ የቤቱ ልጅ ያሳደገችው ነው፣ ስሙ ጀርጂር ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ዓይኑ ቀይ ነው፣ ጀርባው ላይ ቅጠል በቅሎበታል፣ ጠላት ሲመጣ ቅጠሉን ይወረውርበታል። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። «ይቺ አብዳለች» ተባባሉና ወደ ሳሎን ሄዱ። ወዲያው ቴሌቪዥኑ ከግድግዳ ሲነቀል ተሰማ።

ጺማሙ ዓይኑን አጥብቦ ቀረ። «ቅጠሉ አንድ ነው ሁለት?»

«አንድ።»

«ጅራቱ ጫፍ ላይስ እሾህ አለው?»

«እኔ እንጃ። አላየሁትም።»

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ አውሬ አይደለም» አለ፤ ጥርሱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። «የጌም ነው። የጨዋታ! ጀርጂር ልጅቱ ያወጣችለት ስም ነው።» እንደደከመው ሰው አልጋው ላይ ተቀመጠና ትራሱን ደገፍ አለ። ጀርባውን የሆነ ነገር ቆረቆረው። እጁን ትራስ ልብሱ ውስጥ ሰደደና ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ፣ ግራና ቀኙ ቁልፍ ያለው ጠፍጣፋ ዕቃ አወጣ። ሉጥፊያ ፈተና እስኪያልፍ ብላ የከለከለችው መጫወቻ ነው።

የራስ አልጋ! ትራስ! ዘምዘም ግንባሯን መታች።

ሰውየው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ዕቃውን አበራው። «ባትሪው ሊያልቅ ነው» አለ ለራሱ። ዘምዘም ሳህኑን አንስታ አጠገቡ ቆመች፤ ለምን እንዳነሳችው አታውቅም። በዕቃው መስተዋት ውስጥ አንድ ትንሽ አረንጓዴ ፍጥረት፣ ጀርባው ላይ አንዲት ቅጠል አቁሞ፣ በቀይ ዓይኑ ቁልጭ ቁልጭ ይላል። ይሄ ነው እንግዲህ። አንድ ድንጋይ የመሰለ ጭራቅ ከፊቱ መጣበት። ሰውየው ምላሱን ነክሶ ቁልፎቹን ይጫን ገባ። ቅጠሉ ተወረወረ፣ ድንጋዩ ወደቀ፣ ሙዚቃ ተሰማ። ከዚያ ትንሹ ፍጥረት ብርሃን ሆነ፤ አበጠ፤ ብርሃኑ ሲበርድ የለም። በሱ ቦታ አንገቱ ረጅም፣ ጀርባው ላይ ዛፍ ያበቀለ ግዙፍ አውሬ ቆሟል።

«ማብሩክ!» ብሎ ሰውየው ከአልጋው ተነሳ። «አየሽ? አደገ! አንድ ውጊያ ነበር የቀረው!»

«ማሻአላህ» አለች ዘምዘም። ከአፏ አምልጧት ነው።

«እኔም ነበረኝ። እዚህ ሳይደርስ ጠፋብኝ።»

ከውጭ «ያላ!» ተባለ። ሰውየው አንድ ቁልፍ ተጫነና አጠፋው። «መዝግቤዋለሁ፣ አይጠፋም። ለልጅቱ ስጫት» ብሎ ዕቃውን በያዘችው ሳህን ላይ፣ በቅጠሉ መሐል አስቀመጠላት። ከጀርጂሩ አንድ እፍኝ ዘግኖ አኘከ። ከዚያ የናስራን ፍራሽ ከአልጋው ላይ ጎትቶ፣ ጠቅልሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ ወጣ።

ዘምዘም ሳህኑን ይዛ ቤቱን ዞረች። ቴሌቪዥኑ ሄዷል፤ የልብስ ማጠቢያው ሄዷል፤ የሉጥፊያ ሽቶ ሳይቀር ሄዷል። ልትረግመው አፏን ከፈተችና ተወችው። ልታመሰግነው ደግሞ በምን አንጀቷ? ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቃት ሌላ ነበር። ልጅቱ አደራ ያለቻት ትንሹን ነው። ትንሹ ግን ከእንግዲህ የለም።

በቀጣዩ ጥሪ ለሉጥፊያ የተወሰደውን ሁሉ ነገረቻት። ሉጥፊያ «አንቺ ተረፍሽ፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ አለቀሰች። ናስራ ስልኩን ስትይዝ ዘምዘም አስቀድማ፣

«ጀርጂር ተገኘ። ግን ይቅር በይኝ፤ ተለውጧል» አለች። «ትልቅ ሆኗል። ጀርባው ላይ ዛፍ አብቅሏል።»

ከወዲያ የመጣው ጩኸት ጆሮዋን ሊበጥሰው ነበር።

«አደገ?! ዘሚ፣ አንቺ ተዋጋሽ?»

«እኔማ ከማን ጋር እዋጋለሁ። አንድ ሰውዬ ነው።»

«ማን ነው?»

ሌባ ልትል ነበር፤ አልወጣላትም። እንግዳ ልትል ነበር፤ እሱም አልሆነላትም። «እንጃ። ቤት የገባ ሰው ነው።»

«ጎበዝ ነው! ሹክረን በይልኝ። ጥሩ ሰው ነው?»

ዘምዘም ባዶውን የአልጋ እንጨት እያየች፣ «ፍራሽሽን ወሰደው» አለች።

«ለምን?»

«እንጃ የኔ ዓለም።»

በሰኔ ወር ጦርነቱ በየቤቱ ደጃፍ ሲደርስ፣ ሉጥፊያ ራሷ «ቤቱን ተዪው፣ ነፍስሽን አድኚ» ብላ ደወለች። ኑርሁሴን የሚባል የወሎ ሰው ሚኒባስ ነበረው፤ ከጀሪፍ ሴቶች ጋር ጭኖ ገዳሪፍ አደረሳት። መጫወቻው በየኬላው ከዱቄት ውስጥ ተቀብሮ አለፈ። በክረምቱ መጨረሻ የሉጥፊያ አክስት በፖርት ሱዳን በኩል ካይሮ ስትሄድ መጫወቻውን ለናስራ ይዛላት ሄደች። ሉጥፊያም ምሥጢሩን ያወቀችው ያኔ ነው።

ዘምዘም ሰዉ ወደ ካርቱም መመለስ ሲጀምር ተመልሳለች። ጀሪፍ ውስጥ ፋሪሃ ከምትባል የአገሯ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ አንድ ክሊኒክ ታጸዳለች። ዓርብ ዓርብ ሴቶቹ ተሰብስበው ዱአ ያደርጋሉ። «ቤታችንን የዘረፉትን፣ ያስለቀሱንን አላህ ይያዝልን» ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ አሚን ይላሉ። ዘምዘም ብቻ ትዘገያለች።

«አሚን በይ እንጂ!» ትላታለች ፋሪሃ በክርኗ ጎሰም አድርጋ።

«አሚን» ትላለች። ትንሽ ቆይታ «ግን ያንን ሰውዬ…» ብላ ትጀምርና፣ ምን ብላ እንደምትጨርሰው ስለሚጠፋት ትተወዋለች።