ከማንጎው ሥር የተተከለው ወይን

ባለፈው በጋ፣ ከጀዊ የስደተኞች ጣቢያ ዘገባ ሠርቼ በተመለስኩ ቁጥር እህቴ ቤት ጎራ ብዬ የወይን ዘለላዎቿን እቆጥር ነበር። የሥራ ልማድ ነው፤ ያልቆጠርኩትን አልናገርም። ጠዋት የቆጠርኩት ማታ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዘለላ ጎድሎት ይጠብቀኛል።

እህቴ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ባለቤቷም ጡረተኛ መምህር ነው። ከባሮ ወንዝ ብዙ በማይርቀው ግቢያቸው ወይን ተክለው የራሳቸውን ወይን ጠጅ ሊጠምቁ ተነሱ። መድኃኒት አይረጩም። ዓሣ አጥማጆቹ የጣሉትን ትራፊ ከሣርና ከፍየል ፍግ ጋር አብስብሰው ማዳበሪያ ያደርጉታል። ምስጥ እንዳይደፍረው ሥሩ ላይ አመድ ይነሰንሳሉ። የጋምቤላ ፀሐይ ቅጠሉን እንዳያቃጥለው ደግሞ መንገድ ዳር ካለው ትልቅ ማንጎ ሥር ተከሉት።

ሁሉም ትክክል ነው፣ ከማንጎው በቀር። በሰፈራችን ከመንገድ ዳር ማንጎ ሥር ያለ ፍሬ የአላፊ አግዳሚው ነው። ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፣ የሚቆጣም የለም። ይህ አልበቃ ብሎ እህቴ እዚያው ጥላ ውስጥ ለመንገደኛ የውኃ እንስራና ኩባያ አስቀምጣለች።

ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ቁርጡን ተናግሯል፦ ለወይን ጠጁ ያዘጋጃት ትንሽ በርሜል በዚህ ምርት ካልሞላች ወይኑን ነቅሎ ፓፓያ ይተክላል።

እኔ ወፎቹን ነበር የጠረጠርኩት። አንድ ቅዳሜ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ከባሮ ልብስ አጥባ የምትመለስ አንዲት ሴት ሳፋዋን አወረደች፣ ውኃ ጠጣች፣ ወደ ወይኑም እጇን ዘረጋች። ሐረጉን ዝቅ አድርጋ የያዘችላት እህቴ ናት!

«ማዘር፣ ትናንት ጎምዛዛ ነበር። ዛሬ ጥሩ።»

«የላይኛውንስ ቅመሺው እስቲ» አለቻት እህቴ።

«እትዬ! ለካ ወፏ አንቺ ነሽ?» አልኳት። «ጋሼ ይነቅለዋል እኮ!»

«ወፍ ጣዕሙን አይነግረኝም። እነሱ ባይቀምሱልኝ መድረሱን በምን አውቃለሁ?»

«ሲደርስ ምን ሊተርፍ ነው?»

«አንተ ደግሞ መቁጠር ብቻ! እንካ፣ ቅመስ።»

ስንቱን ባለሥልጣን ስጠይቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው፣ ያን ቀን ጮህኩ። ሴትዮዋ ሳፋዋን ተሸክማ እየሳቀች ሄደች።

ምርቱ ተለቅሞ ሲጨመቅ በርሜሏ እስከ ግማሽ እንኳ አልደረሰች። አንድም ጥሬ ፍሬ እንዳልነበረበት ግን መመስከር አለብኝ። ጋሼ ዶማውን ይዞ መጣ። ጭማቂውን ቀመሰ፣ ደገመ፣ ዶማውን ግንዱ ላይ አስደገፈው።

«እነዚህ የመንገደኛው ይሁኑ» አለ። «የእኛን ከቤቱ ጀርባ እተክላለሁ። እንስራሽ ግን እዚያ ድርሽ እንዳይል!»

በእኛ ሙቀት ወይን ካልተገረዘ አርፎ ዳግም አያፈራም። ስለዚህ ገረዘው፤ የተቆረጡትን ቅርንጫፎች ከቤቱ ጀርባ በመስመር ተከላቸው። እኔም እፎይ ብዬ ለሥራ ወጣሁ።

በሳምንቱ ስመለስ የኋላው አጥር ተከፍቶ ሰው የሚያሳልፍ በር ወጥቶለታል። ከችግኞቹ አጠገብ እንስራው ተቀምጧል፣ ኩባያው ተደፍቶበት።

«እትዬ፣ እዚህ እኮ ጥላ እንኳ የለም!»

«ወይኑ ሲያድግ ይኖራል።»

«ጋሼ ያውቃል?»

«ታዲያ እንስራውን የተሸከመልኝ ማን ሆነና!»