የሎርድ ፔንዶክ ወፍ

ጀርቬዝ ታራንት፣ ስድስተኛው ባሮን ክሬልስተን፣ በሕይወቱ የተሳካለት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መወለድ። እሱንም ቢሆን ዘግይቶ ነው የደረሰበት። እህቱ ኡርሱላ በሦስት ዓመት ትቀድመዋለች።

እሷ የተወለደች ዕለት አባታቸው ወሬው ሲነገረው "እሺ" ብሎ ወደ አደኑ ተመለሰ። ጀርቬዝ ሲወለድ ግን የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ደወል እስኪመሽ ሲደወል ዋለ፤ ለጭሰኞቹም ቢራ በበርሜል ተከፈተ። ማዕረጉም፣ ትልቁ ቤትም፣ መሬቱም የወንድ ልጅ ነው። ኡርሱላ ይህን ከሞግዚቷ አፍ ሰማች። አላለቀሰችም፤ ግን አልረሳችውም።

ጀርቬዝ ገና በስምንት ዓመቱ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ ሲወጣ ክራቫት ማሰርና የማያውቀውን ነገር ሳያፍር መናገር ተምሮ ነበር። ጦር ሠራዊት ሲገባ ጀርመን አገር ልምምድ ላይ ሁለት ታንኮች ይዞ ጠፋ፤ አንድ የድንች እርሻ መሃል ሻይ ሲጠጣ ተገኘ። አለቆቹ ስለ መረጋጋቱ አመሰገኑት። ቀጥሎ አንድ ባንክ ወንበር ሰጠው። ባንኩ የፈለገው ስሙን ነበርና ሌላ ነገር አልጠየቀውም። ሚስት አገባ። ሚስትየው በስድስተኛው ዓመት ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ በር ላይ ለኡርሱላ እንዲህ አለቻት፦ "ክፉ ሰው ቢሆን እኮ ተጣልቼው ይወጣልኝ ነበር።"

አባትየው ሲሞት ጀርቬዝ በጌቶች ምክር ቤት፣ ማዕረግ የወረሱ ሰዎች በሚገቡበት የፓርላማ ክፍል፣ ቀዩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በዚያ ቤት በቆየበት ዘመን ሁሉ አንድ ጊዜ ተናገረ፤ ስለ ሳልሞን ዓሣ። ንግግሩ አጭር ነበር፤ ዓሣውን በስሙ ልጥራ ሲልም የሌላ ዓሣ ስም ጠርቷል። ያም ሆኖ በሕይወቱ ለሰው የጠቀመበት ዘመን ያ ነው። ሎንዶን በመኖሩ እርሻው ከእጁ ውጪ ነበር። ላሞቹን፣ በጎቹን፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ ደኑን ሁሉ ኡርሱላ ያዘች። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር መጥቶ በልቶ፣ ስለ አየሩ ሁኔታ አስተያየት ሰጥቶ ይመለሳል።

ከዚያ አዲስ ሕግ ወጣና በዘር ውርስ የተቀመጡትን ጌቶች አብዛኞቹን ከምክር ቤቱ አስወጣ። ጥቂቶች እንዲቀሩ ተፈቀደ። ጀርቬዝ ከጥቂቶቹ አልነበረም። የሚሠራው ስላልነበረው እርሻ ሊያስተዳድር መጣ።

"ኮርማው አመለ ቢስ ነው፤ አስተያየቱ ደስ አይልም" ብሎ ሸጠው። ገብስ የሚዘራበትን ማሳ ሐይቅ ይሁን ብሎ አስቆፈረው፤ ውኃው ሰርጎ ጠፋና ጉድጓዱ ቀረ። ቀጥሎ ዓይኑን ላሞቹ የሚግጡበት የታችኛው መስክ ላይ ጣለ። ለጎልፍ መጫወቻ ይሆናል አለ። መንጋው ይሸጣል።

"መቼ?" አለችው ኡርሱላ።

"ካልተመረጥኩ በፀደይ።"

"ለምኑ ነው የምትመረጠው?"

"የፓርቲያችን ፍሬዲ ሞተ እኮ። አልነገርኩሽም? ወንበሩ ተከፈተ።"

ቁርስ ላይ ነበሩ። ጀርቬዝ የእንቁላሉን አናት በማንኪያ እየቀጠቀጠ ነገሩን ነገራት። ከቀሩት የዘር ጌቶች አንዱ ሲሞት ማሟያ ምርጫ ይደረጋል። የሚወዳደሩትም የሚመርጡትም የዘር ጌቶች ብቻ ናቸው። አያታቸው ከምክር ቤቱ ፓርቲዎች የትንሿ አባል ነበረ፤ ልጅና የልጅ ልጅም መልቀቅ ረስተው እዚያው ቀሩ። በትንሿ ፓርቲ በኩል ደግሞ ምክር ቤቱ ውስጥ የቀሩት የዘር ጌቶች ሦስት ናቸው፤ የሚመርጡትም እነሱ ናቸው።

"ስንት ተወዳዳሪ አላችሁ?"

"ስድስት።"

"ሦስት መራጭ፣ ስድስት ተወዳዳሪ።"

"ዴሞክራሲ ነው፣ ኡርሲ" አለ እንቁላሉን እየጎረሰ።

ኡርሱላ ሻይዋን እስክትጨርስ አሰበችበት። ከተመረጠ ሎንዶን ይመለሳል፤ ላሞቿ ይተርፋሉ። ካልተመረጠ መንጋው ያልቃል። ወንድሟን ለሥልጣን ማብቃት አለባት ማለት ነው።

ከሦስቱ መራጮች ሁለቱ፣ ሦስተኛው መራጭ ሎርድ ፔንዶክ ያደረገውን የሚያደርጉ ናቸው። ሎርድ ፔንዶክ የአባታቸው ወዳጅ የነበረ፣ አንድ ዓይኑ የደከመ፣ የዳሌው አጥንት በብረት የተተካ ሽማግሌ ነው። የሚወደው ነገር የወፍ አደን ብቻ ነው። ሦስቱም ለኅዳር አደን ተጋበዙ።

"አንተ ግን ጠመንጃ አትይዝም" አለችው ኡርሱላ። "አስተናጋጅ ነህ። በትር ይዘህ ከኋላ ትቆማለህ፤ ትስቃለህ፤ መጠጥ ትቀዳለህ።"

"ቃሌ ነው።"

"የማን ቃል?"

"የክሬልስተን።"

"እሱን አውቀዋለሁ። ሌላ የለህም?"

ከአደን ጠባቂው ከዳግኖል ጋርም ለብቻዋ ተነጋገረች። ወፎቹ ከደኑ ሲነሱ ሎርድ ፔንዶክ በቆመበት በኩል እንዲያልፉ ትፈልጋለች።

"እሜቴ፣ ወፍ እኮ ትእዛዝ አይሰማም።"

"አንተ ትሰማለህ፤ ይበቃል።"

"እኔማ ስሰማ ነው የኖርኩት" አለ ዳግኖል። "ሎርድ ፔንዶክ ይመቱ ይሆን?"

"አንድ ከመታ ይበቃናል።"

የአደኑ ቀን መሬቱ ውርጭ ለብሶ ነበር። ጌቶቹ እያንዳንዳቸው የተኳሽ መቆሚያ ቦታቸውን የሚያሳየው ችካል አጠገብ ቆሙ፤ ወፍ አስነሺዎቹ ደኑ ውስጥ ዛፉን በዱላ እየመቱ መጡ። ረጅም ጅራታሞቹ ወፎች እየተንጫጩ ተነሱ። ፔንዶክ ተኮሰ፤ ሳተ። ደግሞ ተኮሰ፤ ደግሞ ሳተ። ጀርቬዝ በትሩን ተደግፎ "ነፋሱ ነው፣ ነፋሱ" ይላል። ነፋስ የሚባል አልነበረም፤ ግን ኡርሱላ ከውሾቹ ጋር ከኋላ ቆማ ስታየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመሰገን ምንም አልቀረውም አለች በልቧ።

ምሳ ላይ ወጥ ቀረበ፤ ቤት የተዘጋጀ የዱር ፕለም አረቄም ተቀዳ። ፔንዶክ ሞቀውና ስለ አባታቸው አወራ።

"አባታችሁ ጥሩ ሰው ነበር" አለ። "ወፍህን ይተውልሃል።"

ጀርቬዝ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ጨመረ።

የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ኡርሱላ ውሾቹን ለማሰር ዞር ብላ ነበር። ስትመለስ ጀርቬዝ ከመኪናው ጠመንጃ አውጥቶ ከፔንዶክ ቀጥሎ ባለው ባዶ ችካል አጠገብ ቆሟል። ልትሄድበት አሰበች፤ ነገር ግን ወፎቹ ተነስተው ነበር።

አንድ ትልቅ ወንድ ወፍ ከሁሉ ከፍ ብሎ በቀጥታ ወደ ፔንዶክ መጣ። ሁለቱ ጌቶች አይተው ጠመንጃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሽማግሌው ቀስ ብሎ አነሳ። አነጣጠረ፤ ወፉም ልክ ከራሱ በላይ ደረሰ።

ጀርቬዝ ተኮሰ።

ወፉ ተጥመልምሎ ፔንዶክ እግር ሥር ወደቀ።

እነዚህ ሰዎች የጎረቤታቸውን ሚስት ወስደው እሑድ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ይቀመጣሉ። ወፍ ግን ሌላ ነው። ከራስህ በላይ የመጣ ወፍ ያንተ ነው፤ ብትስተውም ያንተ ነው። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ የጣሰውንም የሚቆጣው የለም።

ፔንዶክ ጠመንጃውን ከፈተ። ያልተተኮሱትን ጥይቶች አውጥቶ ኪሱ ከተተ።

"ግሩም ተኩስ ነው፣ ክሬልስተን" አለ።

"ግሩም" አለ ሁለተኛው ጌታ።

"በጣም ግሩም" አለ ሦስተኛው።

ጀርቬዝ እስከ ጆሮው ፈገግ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ። "አየሽልኝ፣ ኡርሲ?"

"አየሁ" አለች። ያየችው ግን የታችኛውን መስክ ነበር፤ ላም የሌለበትን።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጀርቬዝ እሳቱ ፊት እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። "ፔንዶክን ገዛሁት። ምን እንዳለኝ ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ።"

"እሱ ከመጣ ሁለቱ ይከተላሉ።"

"እነሱማ መከተላቸው አይቀርም" አለች ኡርሱላ፤ ወጥታም ላሞቹ ጋ ሄደች።

በውጤቱ ዕለት ከሎንዶን ደወለላት። ሦስቱም ድምፅ ለሌላ ሰው ሄዷል። አሸናፊው ስለ ዓሣም ሆነ ስለ ምንም ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው።

"የቆጠራ ስህተት ይሆን እንዴ?" አለ ጀርቬዝ።

"ሦስት ወረቀት ነው፣ ጀርቬዝ።"

በማግስቱ ፔንዶክ ራሱ ደወለ። "አዝኛለሁ፣ ልጄ። ለአባትሽ ስል ልመርጠው ቆርጬ ነበር የመጣሁት። አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ደግሞ ሳላመነታ ነበር የምመርጥሽ።"

"ሴት ልጅ ማዕረግ ትውረስ የሚል ሐሳብ ምክር ቤቱ ሲቀርብ ተነስተው የተቃወሙት እርስዎ አልነበሩም?"

ሽማግሌው አሰበ። "ነበርኩ" አለ። "ጥሩ ንግግር ነበር።"

በፀደይ የጭነት መኪናዎቹ መጡ። መንጋውን በሙሉ የገዛው የጎረቤት አውራጃ ገበሬ ነው። ኡርሱላ ላሞቹን አንድ በአንድ እየነዳች ስታስጭን ሰውየው አያት።

"የሚያውቃቸው ሰው ያስፈልገኛል" አለ። "ከሠራተኞችሽ የምትለቂልኝ ሰው አለ?"

"እኔ አለሁ።"

ሰውየው የቀለደች መሰለው። ከዚያ ቦርሳዋን አየ።

ጀርቬዝ አዲስ ቦት ጫማ ተጫምቶ በሩ ላይ ቆሟል። "ወዴት ነው? እራት ማን ይሠራል?" አለ። እህቱ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ በሩን ዘጋች። ዕድሜዋ ስልሳ ስምንት ነበር፤ ከወላጆቿ ቤት ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው።

ጎልፍ መጫወቻው ሰኔ ላይ ተመረቀ። ጀርቬዝ አጭር ንግግር አደረገ፤ ባንዲራዎቹም ተተከሉ። ጥር ላይ ኡርሱላ ከማለቢያው ስትወጣ ስልክ ተጠራች።

"ኡርሲ፣ እንዴት ነሽ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለ ጀርቬዝ። ከኋላው ሰዎች ይጮኻሉ። "የታችኛው መስክ ወንዙ ሲሞላ ውኃ ይተኛበታል እንዴ?"

ኡርሱላ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ያ መስክ እሷ ከተወለደች ጀምሮ በየዓመቱ ጥር ላይ ሐይቅ ነው።

"ግሩም ጥያቄ ነው፣ ክሬልስተን" አለችው።

ጀርቬዝ አመሰገናት።