ለናሙና የተነጠፈው ፍራሽ

ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሁሉ ፍራሽ የሚገዛበት ጊዜ ነበር፤ እኔም አንዋር መስጊድ አካባቢ ስፖንጅ ፍራሽ እሸጥ ነበር። አንድ ቀን ከድሬዳዋ ለእረፍት የመጡ ሸምገል ያሉ ባልና ሚስት ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ።

«ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ጋደም እንላለን ብለሽ አምጥተሽኝ መርካቶን ታዞሪኛለሽ?» አሉ ባልየው።

«ለመጋደምማ ድሬዳዋ አልጋ አጥተሃል?» አሉ ሚስትየዋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ እስክመለስ እዚህ ይቆይልኝ» አሉና ግርግሩ ውስጥ ገቡ።

ጋሼ ለናሙና ያነጠፍኩት ፍራሽ ላይ ቁጭ አሉ። ትንሽ ቆይተው ጋደም አሉ፤ ከዚያማ ማንኮራፋታቸው ሱቁን ሞላው። ጎረቤቶቼ «አልቤርጎ ከፈትክ እንዴ?» እያሉ ሳቁብኝ። አፍሬ ልቀሰቅሳቸው ጎንበስ ስል፣ ለልጃቸው ፍራሽ ሊገዙ የመጡ አንዲት እናት እጄን ያዙኝ።

«ተው፣ ደክሟቸው ነው። እኔም የምገዛው ይሄንኑ ነው።»

«እማማ፣ ያልተነካ አለ እኮ፤ ያው አንድ ዓይነት ነው።»

«በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል ሰው ያስተኛው ይሄ ነው!» ብለው በነጠላቸው ዝንብ እየተከላከሉላቸው አጠገባቸው ተቀመጡ። ጋሼ ሲነቁ እናትየዋ ፍራሹን ከነሙቀቱ አስጠቅልለው ወሰዱ።

በማግስቱ ባልና ሚስቱ ተመልሰው መጡ። ሳልጠየቅ ሌላ ፍራሽ አነጠፍኩ። ሚስትየዋ «ወይ እግሬ!» ብለው ጫማቸውን አወለቁና ተጋደሙ።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «ልጄ፣ እስክመለስ እዚህ ትቆይልኝ» አሉኝና ግርግሩ ውስጥ ገቡ።