በእኔ አፍ የተለወጠው መልስ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ቢሆን። ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርሁ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፋለሁ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ንስሐዬን የምትቀበለኝ አንተ ነህ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልመን፦ አንዳንዱን ዝርዝር አዛብቼ ላስታውስ እችላለሁ። የበደልኋት ሴት ኩታ ምን እንደሚመስል፣ መኪኖቹ ስንት እንደ ነበሩ፣ ማን ቀድሞ እንደ ተናገረ አልምልም። ባደረግሁት ላይ ግን እምላለሁ።

የደርግ መውደቂያ ዓመት ነው። ጦርነቱ ከሰቆጣ ወደ ደቡብ ገፍቶ ነበር፤ ረሀቡ ግን አብሮት አልሄደም። አንድ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ጦርነቱን ሰንጥቆ ለዋግ አገው እህልና የሕፃናት ዱቄት ላከ። መኪኖቹ አቧራ ለብሰው ሲገቡ ከተማው በእልልታ ተናወጠ፤ እኔም ከሰዉ ጋር ሮጥሁ። ያኔ ዲያቆን ነበርሁ፤ ከቅኔው ጎን አስኳላም የቀመስሁ፣ አማርኛንና የአገዎቹን ቋንቋ ኽምጣናን እኩል የምናገር ወጣት። ዱቄቱን የሚያድሉት መነኩሲት፣ ሲስተር የምንላቸው፣ ኽምጣና አያውቁም። እኔ አፋቸው ሆንሁ።

ያን ጠዋት የተሰማኝን ልደብቅ? ደስ ብሎኝ ነበር። በደስታ እግሬ መሬት አልረግጥ ብሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ከሽማግሌዎች ኋላ የቆምሁት እኔ፣ ዛሬ ሽማግሌዎቹ አፍ አፌን ያዩኛል። አንድ አዛውንት ከሰልፉ መካከል፣ «አንተ ዲያቆን፣ የሮም እህል ነው ይላሉ። ሆዴን ብጠይቀው ሮምንም እስክንድርያንም አላውቅም አለኝ» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ከነከነኝ። ሃይማኖቴ የተቀለደበት፣ ጠባቂውም እኔ ብቻ የሆንሁ መሰለኝ።

በዚህ መካከል እዚያው ዋግ ካለችው ዝቋላ በእግሯ የመጣች እናት ተራዋ ደረሰ። አበራሽ ትባላለች። ያዘለቻት ሕፃን ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበራትም። ዱቄቱን ከመቀበሏ በፊት በኽምጣና ጠየቀችኝ፦ «ወንድሜ፣ ይህን ብትበላ ማተቧ ተበጠሰ ማለት ነው? ብትሞትብኝስ ፍትሐት ይከለክሏታል? ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ ልትቀበርብኝ ነው?»

ጥያቄዋን በአማርኛ ነገርኋቸው። ሲስተር ደነገጡ። «ሃይማኖቷን ማን ጠየቃት? ማተቧን አጥብቃ ትሰርላት፤ ልጅቱ ግን ትብላ በላት» አሉኝ።

እኔ ይህን አልተረጎምሁም። እኔ፣ ዐውቄ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «የበላች ከእነሱ ትቆጠራለች ይላሉ» አልኋት። ማንም አላዘዘኝም። የቅኔ መምህሬ በቦታው አልነበሩም፤ ጠመንጃ የያዘም አላስፈራራኝም። ከኋላዋ ለተሰለፉት እንኳ ይህን አላልሁም፤ ስላልጠየቁኝ። የቀጣሁት የጠየቀችኝን፣ ያመነችኝን ነው።

አበራሽ አልተከራከረችም። የዱቄቱን ሣህን በመዳፏ ገፋ አድርጋ፣ «እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ» ብላ ዞረች። ሲስተር «ምነው ሄደች?» ቢሉኝ፣ «ዘመድ ይጠብቃታል» አልኋቸው። ሁለተኛ ዋሸሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ምን ነበር? ጸጸት? የለም፤ የድል ሙቀት ነበር። አንዲት ነፍስ ከጥፋት የመለስሁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ከዚያስ? የአስተርጓሚነት ድርጎዬን ተቀበልሁ፤ ያንኑ ዱቄት። በላሁት፤ ጣፈጠኝም። የእኔን ማተብ ታዲያ ማን በጠሰው?

ከሳምንታት በኋላ የአበራሽን ወንድም ገበያ ላይ አገኘሁት። ልጅቱ ዝቋላ በገቡ ማግስት ሞታለች። «ደግነቱ» አለኝ፣ እጄን ይዞ፣ «ፍትሐቷ አልጎደለም፤ ከአያቶቿ ጎን ዐረፈች። እኅቴ ‹ያ ዲያቆን ባይነግረኝ ኖሮ› እያለች ትመርቅሃለች።»

አሜን አልሁ። ምን ልበል? ሦስተኛው ውሸቴ ያ አሜን ነው።

ከዚያ ወዲህ በውስጤ አንድ ጠበቃ ተቀምጧል። «ጊዜው እኮ ዐቢይ ጾም ነበር፤ ዱቄቱ ወተት አለበት፤ እንደ አበራሽ የጠነከረች እናት እውነቱን ብትሰማም በሑዳዴ ለልጇ አትሰጥም ነበር» ይለኛል። አመንሁት። የዚያን ጠዋት የጾሙ ዜማ ሳይቀር ይሰማኝ ጀመር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ትዝታ ለባለቤቱ እንዲመች ሆኖ እንደሚሰፋ ተማርሁ፤ የራሴን ስፌት ለመተርተር ግን ዓመታት ዘገየሁ። ፈርቼ ነበር፤ ከፍርሃት ሌላ ምን ስም አለው?

ይቅርታ ከአንተ አልጠይቅም፤ ማሩኝ ማለት ያለብኝ አበራሽን ነው። እርሷም እስከ ዛሬ ትመርቀኛለች።

በቅርቡ የአበራሽን ወንድም ፈልጌ ቀኑን ጠየቅሁት፤ እደላው በሚያዝያ ሥላሴ ማግስት እንደ ነበር ሳያመነታ ነገረኝ። ባሕረ ሐሳቡን አውጥቼ የዚያን ዓመት በዓላት ቆጠርሁ፤ እንዳልሳሳትም ከቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ጋር አመሳከርሁት። ፋሲካ የዋለው በመጋቢት መጨረሻ ነው። አበራሽ ከፊቴ የቆመችው በበዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወቅት ነበር።