ለአንድ ቀን የተለጠፈ ስፖንጅ

በእንግሊዝ አገር የባርንስሊ ከተማው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ክላይቭ ሆልሮይድ፣ ጋራዡ ውስጥ በገዛ እጁ መኪና መሥራት ከጀመረ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ጋራዡ በመያዙ የሚስቱ የብሬንዳ ትልቁ ፍሪጅ ኮሪደር ላይ ቆሟል፤ እንግዳ በጎኑ ተጣቦ ነው የሚገባው። ዘንድሮ ግን ብሬንዳ ቁርጡን ነገረችው።

«መኪናህ እስከ መስከረም የመንገድ ፈቃድ ምርመራውን ካላለፈች ትሸጣለች።»

ሞተሩም መብራቱም እንከን አይወጣላቸውም። ጣጣው ያለው ከውስጥ ነው። ደንቡ የተሳፋሪ ራስ ወይም ጉልበት ሊያገኘው የሚችል ሹል ጠርዝ ሁሉ በለስላሳ ነገር ይሸፈን ይላል። ክላይቭ ደግሞ የአሉሚኒየም ዳሽቦርዱን ሲወለውል አንድ ክረምት ፈጅቷል። በስፖንጅ ሸፍን ሲሉት ሙሽራን ጆንያ አልብስ ያሉት ያህል አንገፈገፈው።

«ሞኝ ነህ እንዴ?» አለው ሦስት መኪና ሠርቶ ያሳለፈው ጓደኛው ኖርማን። «ትለጥፋለህ፣ ታልፋለህ፣ በማግስቱ ትልጠዋለህ። ሁላችንም እንደዚያ ነው ያደረግነው።»

«ሙጫውስ?»

«ሳሳ አድርገው። ኋላ ስትልጠው አሉሚኒየሙን እንዳይቧጭርብህ።»

የመሸፈኛው ምርጫ ተጀመረ። የውሃ ቧንቧ የሚሸፈንበት ስፖንጅ በአውራ ጣት ሲጫኑት ስለቱ ከሥሩ ይሰማል። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ደግሞ ከብረቱ አይሻልም። ብሬንዳ በመስኮት ስታይ ባሏ ዳሽቦርዱን በግንባሩ ደጋግሞ ይመታል።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«እየመረጥኩ ነው።»

በመጨረሻ ድንኳን ውስጥ የሚነጠፈው ጥቁር የስፖንጅ ምንጣፍ ግንባሩን አስደሰተው። ቆርጦ ለጠፈው።

በምርመራው ቀን መርማሪው የሰው ራስ የምታክል ኳስ ይዞ ዳሽቦርዱን ከዳር እዳር ዳሰሰ፤ ኳሷ የነካችውን ሁሉ በአውራ ጣቱ ተጫነ።

«ጥሩ መርጠዋል፣ ሚስተር ሆልሮይድ» አለ። ክላይቭ ደረቱን ነፋ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ሰውየው ጫፉን በሁለት ጣቱ ሳብ ቢያደርገው ምንጣፉ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገሽልጦ እጁ ላይ ቀረ።

«ይሄ ለስንት ጊዜ የተለጠፈ ነው?»

ክላይቭ ዕድሜውን ሙሉ መዋሸት አልሆነለትም። «ለዛሬ» አለ።

ምርመራውን ወደቀ። እየተራገመ ዳግም ለጠፈው፤ አሁንስ የጫማ ሶል በሚይዝ ሙጫ። መርማሪው በነሐሴ መጨረሻ ቢስበው፣ ቢስበው ወይ ፍንክች፤ ማለፊያውን ሰጠው።

በማግስቱ ኖርማን የሙጫ መፋቂያ ይዞ ከተፍ አለ። ሁለቱ ከየት እንጀምር ሲባባሉ ብሬንዳ ካፖርቷን ደርባ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ከሾፌሩ ጎን ባለው የተሳፋሪ ወንበር ተቀመጠች፤ ረጅም ሴት ናትና ሁለቱም ጉልበቶቿ ዳሽቦርዱ ላይ ሄደው አረፉ። ክላይቭ ደነገጠ። ወንበሩን ሲተክል የለካው የራሱን አጭር እግር ነበር፤ በዚያ በኩል ሌላ ሰው ይቀመጣል ብሎ ለአንድ ቀን እንኳ አላሰበም።

ብሬንዳ ምንጣፉን መታ መታ አደረገችው። «ይሄን ለኔ ብለህ ነው? እኔ እኮ ሰባት ዓመት ሙሉ ለራስህ ብቻ የምትሠራ ይመስለኝ ነበር።»

ኖርማን ሊናገር አፉን ከፈተ። ክላይቭ እስከ ጆሮው ቀላ፤ አፈረ፣ ከልቡ አፈረ። መዋሸት የማይሆንለት ሰው በስተርጅና አንድ ጊዜ ሆነለት።

«ታዲያ ለማን ይሆናል?» አለና ወደ ጓደኛው ዞረ። «አንተ መፋቂያህን ይዘህ ወደ ቤትህ ሂድ።»